ሳይጨፈልቅ የሚይዝ ሞርሳ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ካሉት የብረታ ብረት ቤቶች ወደ አንዱ ብንገባ ከጠረጴዛው ጥግ በብሎን የታሰረ የብረት ሞርሳ አናጣም። የመንጋጋዎቹ ፊት በመስቀለኛ መስመር ተሸንሽኖ ጥርስ አውጥቷል። ጥርሱ በከንቱ አልተሠራም። ፌሮ፣ ቱቦ ወይም አንግል ብረት በመጋዝ ሲቆረጥና በሞረድ ሲሞረድ እንዳይንሸራተት ነክሶ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው እዚያው ሞርሳ ላይ ጠመንጃ የታሰረ እንደሆነ ነው።

እንዲህ የተጎዳ ሰደፍ በቅርብ አይቻለሁ። ከቃታው ኋላ፣ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ ላይ፣ በግራም በቀኝም የጥርሱ ምልክት ተሰልፎ ተቀምጧል። ነጥቦቹ ውስጥ የእጅ ላብና ዘይት ገብቶ ጠቁረዋል። ከአንደኛው ነጥብ ተነሥቶ የእንጨቱን ጅማት የተከተለ ቀጭን ስንጥቅ እስከ ብሎኑ ቀዳዳ ይወርዳል። ያን ጠመንጃ ሞርሳ ላይ ያሰረው ሰው ሐሳቡ ማጽዳት ነበር። ዝገቱን አስለቅቆ ሰደፉን ሰነጠቀ።

ክላሽ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። በስፋት የተሠራጨው የክላሽ ዓይነት የመካከሉ ሣጥን፣ መቀርቀሪያው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስበት ማለት ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ታጥፎ የተሠራ ነው። ይህን በብረት መንጋጋ መካከል አስገብቶ ማጥበቅ ጎኑን ወደ ውስጥ ማጉበጥ ነው። ጎኑ ትንሽ ከገባ መቀርቀሪያው በሚሮጥበት ሐዲድ ላይ መፋተግ ይጀምራል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን ጥይቱ ላይ ይፈልጋል።

ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ የምንሠራው ሞርሳ ከሲቀላው ሞርሳ በአንድ ነገር ይለያል፤ የሚይዘው በጉልበት ሳይሆን በቦታ ነው። ጨንቻ አካባቢ የዶርዜ ሸማኔ ድሩን እንዴት እንደሚይዝ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ከጉድጓዱ ተቀምጦ የሚሠራው ሸማኔ ክሩን የትም ቦታ አይጨብጠውም። ከፊት በችካል፣ ከጭኑ ላይ በመጠቅለያው እንጨት ወጥሮ ይይዘዋል። ክሩ መሄጃ ስላጣ ይቆማል እንጂ ታንቆ አይደለም። ጠመንጃም መያዝ ያለበት እንዲሁ ነው።

ወደ እንጨቱና ወደ ብሎኑ ከመግባታችን በፊት ሊዘለል የማይገባ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጠመንጃ መያዝንም መጠገንንም በፈቃድ አስሯል። እዚህ የምናወራው ፈቃድ ያለው ሰው ወይም መሣሪያ በኃላፊነት የተረከበ ጥበቃ ስለሚያደርገው ጽዳትና ቀላል እንክብካቤ ነው። ጠመንጃው ሞርሳው ላይ ከመውጣቱ በፊት ካዝናው ይነቀላል፣ መቀርቀሪያው ይከፈታል፣ ጥይት የሚቀመጥበት ጎድጓዳ በዐይን ይታያል፣ ከዚያም በትንሿ ጣት ይዳሰሳል። ዐይን በደብዛዛ ብርሃን ይሳሳታል፤ ጣት አይሳሳትም። ጥይቱ በሙሉ ከሥራው ክፍል ይወጣል። ሞርሳው ራሱም የሚተከለው አፈሙዙ ሰው ወደማያልፍበት ግንብ እንዲያይ ተደርጎ ነው። እነዚህ ነገሮች ሳይሟሉ የሚጀመር ሥራ አይኑር።

የጫሞ አካባቢ ለጠመንጃ ብረት አስቸጋሪ ቦታ ነው። ሐይቁ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,110 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበትም ብዙ ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ዋነኛው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ። በጫሞና በአባያ መካከል፣ በእግዜር ድልድይ በኩል የተዘረጋው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ስካውቶቹ መሣሪያ ይዘው የሚዞሩት በሐይቁ ዳርና ምንጮቹ ባሉበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ጭምር ነው። በዚያ ደን ውስጥ ያደረ ብረት ሲነጋ እርጥብ ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ መውረዱም የራሱ ጣጣ አለው። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር የማይርቅ ከፍታ ላይ ናት፤ ከአርባ ምንጭ ያላት ርቀት ግን 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሌሊቱን ደጋ ላይ ያደረ ጠመንጃ ጠዋት በመኪና ሲወርድ ብረቱ የደጋውን ቅዝቃዜ ይዞ ይደርሳል። የቆላው ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ የያዘውን ውኃ ላዩ ላይ ያጤዛል። ጤዛው ከውጭ ብቻ ቢሆን በጨርቅ ይጠረግ ነበር። አፈሙዙ ውስጥም፣ ብረቱ ከሰደፉ ጋር በሚገናኝበት ስፌት ውስጥም ይገባል። ከደጋ የወረደ ጠመንጃ ብረቱ የአየሩን ሙቀት እስኪያገኝ ቆይቶ፣ ከዚያ ተፈትቶ መድረቅ አለበት።

ከእርጥበቱ በላይ የሚከፋው ግን ጨው ነው። አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦሯ የተቀበለችው፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ መሣሪያ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሹ በላይ አመድና ጨው ሆኖ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ጭስ አልባው ባሩድ ከመጣ በኋላ ይህ ቢቀንስም፣ ለረጅም ዘመን የጥይቱ ቆብ ውስጥ የሚገባው ኬሚካል ተኩሶ ሲያበቃ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል፣ ከገበታ ጨው ጋር ዘመዳም የሆነ ጨው ይተው ነበር። ከቤልጂግ በመጣው ማውዘር የተተኮሰው የድሮ ጥይት ይህን ይተዋል፤ ለክላሽ ከተሠሩት አሮጌ ጥይቶችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገር። ጠመንጃ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ማጽዳት የተለመደ ነው። ናፍጣ ቅባትን ያሟሟል፣ ጥላሸትንም ያላቅቃል። ጨውን ግን አያሟሟም። ጨው የሚሟሟው በውኃ ነው። በአሮጌ ጥይት የተተኮሰበት አፈሙዝ መጀመሪያ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ ሙቀቱ ብረቱን ቶሎ እንዲደርቅ ያግዘዋል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ ይወለወላል፣ በመጨረሻ ዘይት ይቀባል። ይህን ሥርዓት በትክክል ለመሥራት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ዘንጉን ይገፋል፣ ሌላው ዘንጉ እንዳይጎብጥ አፈሙዙ ደጃፍ ላይ ይመራዋል። ጠመንጃውን በጉልበቱ መካከል ያጣበቀ ሰው ሦስተኛ እጅ የለውም። ሞርሳው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በአየር ላይ የተንጠለጠለ ማንኛውም ዕቃ የሚንቀሳቀስባቸው መንገዶች ስድስት ናቸው። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ ሦስት መዞሮች አሉ፤ ጫፉ ቀና ደፋ ይላል፣ ጫፉ ወደ ጎን ይዞራል፣ በራሱ ዙሪያም ይሽከረከራል። ጠመንጃ የሚያቆም መሣሪያ የሚነድፍ ሰው ጥያቄው ‹‹ምን ያህል ላጥብቅ?›› ሳይሆን ‹‹ከስድስቱ የትኛውን በምን ዘጋሁት?›› መሆን አለበት። ከፊት አንድ ባላ እንጨት ብናቆም ጠመንጃው ወደ ታችና ወደ ጎን መሄዱ ይዘጋል። ከኋላ ሰደፉ ሌላ መቀመጫ ሲያገኝ ጫፉ ቀና ደፋ ማለቱና ወደ ጎን መዞሩ ያበቃል። ሰደፉ የሚደገፍበት ቀጥ ያለ ማቆሚያ ወደ ኋላ መሄዱን ያስቀራል። ጠመንጃው ራሱ 4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ወደ ላይ አይነሣም። የቀረው በራሱ ዙሪያ መሽከርከሩና ወደ ፊት መንሸራተቱ ነው። መንጋጋ የሚያስፈልገን ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ ነው፤ ለሁለቱ ደግሞ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም።

ምን ያህል ጉልበት? ይህ በቀላል ሒሳብ ይታያል። ከገበያ የሚገዛ የ16 ሚሊ ሜትር ብሎን አንድ ጊዜ ሙሉ ሲዞር 2 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። ብሎኑ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እጀታ ከገባበት እጃችን በአንድ ዙር 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጉዛለች። 75 ሴንቲ ሜትር ለ2 ሚሊ ሜትር ሲካፈል ጉልበቱ ወደ 375 ጊዜ ይባዛል ማለት ነው። ሰበቃው ከዚህ ዘጠኝ ዐሥረኛውን እንኳ ቢበላው፣ በ10 ኪሎ ጉልበት እጀታውን የገፋ ሰው መንጋጋው ላይ ወደ 375 ኪሎ ያሳርፋል። አራት ኩንታል ጤፍ ሊሆን ጥቂት የጎደለው ነው። ይህ ክብደት በሦስት ካሬ ሴንቲ ሜትር የጥርስ ጫፍ ላይ ሲያርፍ በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 125 ኪሎ ይደርሳል። ለሰደፍ የሚመረጠው ጠንካራው ዋልነት እንኳ ከጎን ሲጫኑት ከ70 ኪሎ ብዙም ሳያልፍ ይሟሽሻል።

አሁን እጀታውን እናውጣውና በቦታው 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የእንጨት ጉጥ እናስገባ። ጉጡን በመዳፍ የሚያዞር እጅ በአንድ ዙር 19 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል፤ መዳፍም ከ5 ኪሎ በላይ ለመግፋት ይቸገራል። ውጤቱ ወደ 47 ኪሎ ይወርዳል፤ ግማሽ ኩንታል እንኳ አይሞላም። መንጋጋው 12 በ6 ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ ከተሳሳመ በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው አንድ ኪሎ አይደርስም። ሰደፉ ምልክት አይወጣበትም። መንጋጋው ላስቲክ ወይም ቆዳ ከለበሰ ግን ሰበቃው በሁለቱ ጎን ተደምሮ ጠመንጃውን በ40 ኪሎ ጉልበት የሚገፋ ነገር እንኳ ይቋቋማል። መወልወያ ዘንግ የሚገፋ እጅ የዚህን ሩብ አይጠቀምም። የሞርሳው ልብ ይህ ጉጥ ነው፤ በንዴት የሚያጠብቀውን ሰው ራሱ ይከለክለዋል። ብዙ የቤት ሥራ ሞርሳዎች የሚበላሹት ሠሪው ‹‹ይበልጥ ጠንካራ›› ለማድረግ ሲል ረጅም እጀታ ስለሚያስገባባቸው ነው።

መሠረቱ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይሁን። ዋንዛን የሚያህል የለም፤ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጣመምም፣ ለመጋዝና ለመላጊያም ይታዘዛል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን መሠረት አይሆንም። ዛሬ ቀጥ ብሎ የታሰረው በወሩ ይጠማዘዛል፣ የፊቱ ባላና የኋላው መንጋጋም አንድ መስመር ላይ መሆናቸው ይቀራል። የፊቱ ባላ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ይህን ቁመት ያወጣነው ከክላሽ እጀታ ነው፤ ከቃታው ኋላ ወደ ታች የሚወርደው እጀታ መሠረቱን እንዳይነካ ቦታ ይፈልጋል። የባላው አፍ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ተከፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ቢሆን ወፍራሙንም ቀጭኑንም የፊት እንጨት ይቀበላል። የሚሸከመው የፊቱን እንጨት እንጂ ባዶውን አፈሙዝ አይደለም።

የኋላው መንጋጋ ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ በመሠረቱ ላይ በሙጫና በብሎን ይተከላል። ሁለተኛው በሁለት የብረት ዘንጎች ላይ ይንሸራተታል፤ ዘንጎቹ ከሌሉ መንጋጋው ሲጠብቅ አፉን ወደ ላይ ይከፍትና ሰደፉን በጠርዙ ብቻ ይነክሳል። ብሎኑ የሚያልፍበት ሦስተኛ ቋሚ ውስጥ ዳዶው ይቀበራል፤ ዳዶው ስድስት ጎኑን ይዞ እንዲቀበር ጉድጓዱ በመሮ ልኩን መውጣት አለበት፤ አለዚያ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል። ብሎኑ መንጋጋውን በሚገፋበት ቦታ ሰፊ ሮንዴላ ይግባ። ይህን ቋሚ ከወይራ ብንሠራው ዳዶው እንጨቱን ሳይበላ ብዙ ዘመን ይኖራል። ወይራ ካልተገኘ ዳዶውን 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ አስበይዶ ላሜራውን ከቋሚው ጋር ማሰር ያው ነው።

ልባሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቆዳ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ነው፤ ለእንጨት ሰደፍም ጥሩ ነው። ብረት ላይ ግን አያድር። በዕፅዋት የተለፋ ቆዳ ውስጡ አሲድ አለው፣ እርጥበትም ይዞ ይቆያል። ጠመንጃ በቆዳ ሰገባ ተጠቅልሎ ሲከርም የሚዝገው በዚህ ነው። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ሰበቃው ከሁሉ ይበልጣል፤ ዘይት ሲነካው ግን ይለሰልስና ሰደፉ ላይ ጥቁር ይተዋል። የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች የሚሠሩት ወፍራም ቡሉኮ ተቆርጦ በሁለት ታጥፎ ቢለበስ ሰደፉን አያቆሽሽም፤ ሲቆሽሽም በቀላሉ ይቀየራል። እኔ የምመርጠው ለመንጋጋው ላስቲኩን ከታች፣ ቡሉኮውን ከላይ ነው። ልባሱ በሙጫ ሳይለጠፍ በትናንሽ ምስማሮች ከጎን ይያዝ፤ የተጣበቀ ልባስ ሳይቀየር ይከርማል፣ ውስጡም አሸዋና የብረት ብናኝ ይሰበስባል።

ምንሽርና ክላሽ በአንድ ሞርሳ ላይ ሲወጡ ግፊቱ በተለያየ አቅጣጫ ይመጣል። ምንሽር መቀርቀሪያው ተስቦ ይወጣና ዘንጉ ከኋላ ይገባል። ግፊቱ ወደ ፊት ስለሆነ የሰደፉ ማቆሚያ አይረዳንም፤ መንጋጋው ብቻውን ይይዛል፣ ወይም ከሰደፉ አንገት ላይ በጠፍር ወደ መሠረቱ ይታሰራል። ክላሽ ግን ኋላው የተዘጋ ነው፤ ዘንጉ የሚገባው ከአፈሙዙ አፍ ነው። ግፊቱ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ማቆሚያውም ሙሉውን ይቀበላል። ነገር ግን ዘንጉ ከፊት ሲገባ የአፈሙዙን ጠርዝ ከፋቀ የጥይቱ አካሄድ ይበላሻል። ጥይቱ ከጠመንጃው ሲለይ መጨረሻ የሚነካው ያን ጠርዝ ነው፤ በአንድ ጎን የተበላ ጠርዝ ጋዙን በዚያ በኩል ቀድሞ ያስወጣና ጥይቱን ያዘነብለዋል። ከክላሽ ጋር የሚመጣው የማጽጃ ቆርቆሮ ክዳኑ መካከል ቀዳዳ ያለው ዘንጉን መሀል ለመሀል እንዲመራ ነው። ይህችን ክዳን የጣለ ሰው ከእንጨት ቆርጦ፣ መካከሉን በስቶ ይተካት።

አቅጣጫው ተዳፋቱንም ይወስናል። ምንሽር ሲጸዳ አፈሙዙ ከሰደፉ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ውኃውና ዘይቱ በአፉ እንዲወጣ እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ ቃታው ውስጥና ሰደፉ ውስጥ እንዳይሰርግ። ዘይት የጠገበ እንጨት ይለሰልሳል፤ በድሮ ጠመንጃዎች ላይ ከቃታው ኋላ የሚታየው ጥቁር የሞተ እንጨት መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የፊቱን ባላ በሁለት ቀዳዳና በአንድ የብረት ካስማ ብናቆመው ከፍና ዝቅ ማድረጉ የደቂቃ ሥራ ይሆናል።

ይህ ሞርሳ የማይችለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። አፈሙዝ ከሣጥኑ ለመፍታት የሚያስፈልገው ጉልበት ሌላ ዓለም ነው፤ እዚህ ላይ የሞከረ ሰው መንጋጋውን ይሰብራል ወይም ሰደፉን ይገነጥላል። የፊት ማነጣጠሪያን በመዶሻ ወደ ጎን መግፋትም ባላው ላይ አይሠራም። ምቱ ያረፈበት ቦታ ወዲያው ከሥሩ ካልተደገፈ አፈሙዙ ሁሉ ይርገበገባል፣ ምቱም ይባክናል፤ ሰውየውም ይበልጥ አጠንክሮ ይመታል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ፈቃድና መሣሪያ ወዳለው ባለሙያ መሄድ ነው።

የሚችለው ግን ቀላል አይደለም። የማውዘር ሰደፍ ከብረቱ ጋር የሚያያዝባቸው ሁለት ብሎኖች ከታች በኩል አሉ፤ ጭንቅላታቸው የተተለተለ ጠመንጃ ብዙ ነው። የሚተለተሉት ሰውየው በአንድ እጁ ጠመንጃውን ይዞ በሌላው ካቻቪቴውን ሲያዞር ወደ ታች የሚጫንበት እጅ ስላጣ ነው። ጠመንጃው ተገልብጦ ባላውና መንጋጋው ላይ ሲያርፍ አንዱ መዳፍ ካቻቪቴውን ይጫናል፣ ሌላው ያዞራል። የካቻቪቴው አፍ የብሎኑን ስንጥቅ በርዝመቱም በውፍረቱም መሙላት አለበት፤ ካልሞላ በሞረድ ልኩን እስኪያገኝ መሞረድ ነው። ብሎኑ አልፈታ ያለ እንደሆነ ጥቂት ዘይት አንጠባጥቦ ማሳደር እንጂ ጉልበት መጨመር አይገባም። ብቻ ጠመንጃው ሞርሳው ላይ አያድርም። ማታ ማታ ይወርዳል፣ ልባሱ ያረፈበት ቦታ ይወለወላል፣ ተቆልፎበት ወደሚቀመጥበት ይመለሳል፤ በማግሥቱ ጠዋት ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል።